በመርከብም በባቡርም ያገለገሉ አባቶቻችን ማኅደር ይፈለግልን፦ ግልጽ ደብዳቤ

የቀድሞውን ባሕር ኃይልና የአሮጌውን ምድር ባቡር ሰነድ፣ ጡረታና ንብረት በኃላፊነት ለያዛችሁ የመንግሥት አካላት በሙሉ

ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ በሁለቱም ተቋማት ያገለገሉ አረጋውያንን መዝገብ፣ ጡረታ፣ የሙያ ዕውቀትና የቀብር ክብር ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን በቅርቡ ድሬዳዋ ላይ የተቀበሩ አንድ አረጋዊ ጉዳይ ነው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ባልደረባ ነበሩ። ኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠርተዋል። ሲያርፉ ቤተሰባቸው አስከሬኑ በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ እንዲሸኝና አንድ ተወካይ ቀብሩ ላይ እንዲቆም ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ማኅደራቸው ስላልተገኘ የሠራዊት አባል እንደነበሩ ማረጋገጥ አይቻልም የሚል ነው። ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ ከከዚራም ከመጋላም የሚያውቃቸው ሁሉ ወጥቶ ቀበራቸው። ሰፈሩ ያጎደለባቸው ነገር የለም። ያገለገሉት መንግሥት ግን ከቀብራቸው ቀርቷል።

ስማቸውን ያልጠቀስነው ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ስለሆነና ጉዳዩም የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው። እንደ እርሳቸው ከመርከብ ወርደው ወደ ሐዲድ የመጡ፣ ዛሬ ሰማንያን የተጠጉ ወይም ያለፉ አባቶች አሉ። የሁሉም ችግር አንድ ነው፦ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶቻቸው በሕይወት እያሉ ፈርሰውባቸዋል።

ማኅደሩ ለምን እንደማይገኝ ለእናንተ መንገር ባይኖርብንም እንነግራችኋለን፤ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ጥፋቱን ወደ ሟቹ እያዞረው ነውና። ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ነው። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ትልቋ መርከብ፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝመው «ኢትዮጵያ»፣ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የባሕር አውሮፕላኖች ማገልገያ የነበረች ናት፤ በ1954 ዓ.ም. ነው ወደ እኛ የመጣችው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ስትያዝ ሰው ነፍሱን ይዞ ወጣ፤ በዚያ ሰዓት የግል ማኅደር የሚሸከም አይኖርም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከቀሩት መርከቦች አብዛኞቹ ወደ የመን ሄዱ። «ኢትዮጵያ» እዚያው እንደቆመች እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሌሎቹም መጨረሻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ጅቡቲ ላይ ጨረታ ሆነ። እንዲህ ባለ መንገድ ከፈረሰ ክፍል የተሟላ ፋይል አምጡ ብሎ አንድን ባልቴት መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

በባቡሩ በኩል ያለው ችግር ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ ወረቀቱ አለ፤ ግን አይናበብም። ኩባንያው ስምና ባለቤትነት እየቀያየረ መጥቷል፤ ፈረንሳይ-ኢትዮጵያ ነበር፣ በኋላ ጅቡቲ-ኢትዮጵያ ሆነ። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበረ የሠራተኛው ስም በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሰፈረ። የባሕር ኃይል ምስክር ወረቀት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የ«ሸ» እና የ«ቸ» ድምፅ በሁለቱ ቋንቋዎች በተለያዩ ፊደሎች ስለሚጻፉ ተሾመ የሚባል ሰው በሁለቱ መዝገቦች ሁለት የተለያየ ሰው ይመስላል። በቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው አማርኛ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። የልደት ዘመኑም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፈውን ሌላው እንደ ፈረንጅ ቆጥሮ ሲገለብጠው ሰውዬው በወረቀት ላይ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል አለዚያም ልጅ ይሆናል። እኛ ካየናቸው ጉዳዮች አንዱ የተዘጋው በዚህ ብቻ ነው፦ በወረቀቱ ሲሰላ ሰውዬው ባሕር ኃይል ሲገቡ የ12 ዓመት ልጅ ሆነው ስለተገኙ «ሰነዱ አጠራጣሪ ነው» ተባለ። ስምንት ዓመት ደምሮ ያየ ሰው አልነበረም።

ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንታገሥ ነበር። የእንጀራም ጥያቄ ነው። ሲሠራበት በኖረው የጡረታ ስሌት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል 1.25 በመቶ፣ ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በባሕር ኃይል 12፣ በባቡር 22 ዓመት የሠራ ሰው እንውሰድ። የባሕር ኃይሉ ዘመን ካልተያዘለት ጡረታው 45 በመቶ ላይ ይቆማል። ከተያዘለት በዝቅተኛው የሲቪል ስሌት እንኳ 60 በመቶ ይደርሳል። ሲሞት ሚስቱ የምታገኘው የእርሱን ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከእርሱ ጋር አይቀበርም፤ እርሷ በሕይወት እስካለች ይከተላታል።

ሁለተኛው ቅሬታችን እነዚህ ሰዎች ስለሚያውቁት ሙያ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም ብንል አትፍረዱብን፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅምና።

የናፍጣ ሞተር ባሕር ላይም ሐዲድ ላይም ያው ነው የሚል አለ። ሥራው ግን አንድ አይደለም። የመርከብ ሞተር የሚቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነው። ምጽዋ ላይ በሞቃቶቹ ወራት ውኃው ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ዛጎልና የባሕር አረም የውኃ መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋል፤ ጨዉ ቧንቧ ይበላል። ለዚህ ሲባል በማቀዝቀዣው ውስጥ የዚንክ ቁራጭ ይታሰራል። ጨዉ አስቀድሞ ዚንኩን እንዲበላ ነው። ዚንኩ አልቆ ሳይቀየር ከቀረ መብላት የሚጀምረው ቧንቧውን ነው፤ ያን ጊዜ ጨው ውኃ ከሞተሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ዘይቱ ወተት ይመስላል። የባቡሩ ሞተር ግን ባሕር የለውም፤ ራዲያተርና ነፋስ ብቻ ነው ያለው። ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ባለው ሜዳ አቧራው የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል፤ የአየር ማጣሪያውን ያፍናል። ደግሞ መርከብ ለቀናት በአንድ ፍጥነት ስትሄድ፣ ባቡሩ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ጉልበቱ ይወርዳል። ይህን ያልተረዳ ሞተሪስታ ጥፋቱን ከፖምፓው ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ከመርከብ የመጡት አባቶች ለጋራዡ ያመጡት ትልቁ ነገር ልማድ ነው። በየሰዓቱ የዘይት ግፊት፣ የውኃ ሙቀትና የጭስ ሙቀት በደብተር ይመዘገባል። አንድ ቁጥር ከትናንቱ ሲለይ ሞተሩ ገና ሳይታመም ይታያል። ሌላው ሕይወት የሚያድን ልማድ ነው። ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንግ የሚዞርበት የብረት ማረፊያ፣ ሲግልና ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ክፍል ጭስ ሲተን ሰው ወዲያው መስኮቱን ከፍቶ ማየት ይፈልጋል። ውስጡ ግን በዘይት ጉም የተሞላ ነው፤ የጋለው ብሮንዚን እሳት ነው፤ የጎደለው አየር ብቻ ነው። መስኮቱ ሲከፈት አየሩ ይገባል፣ ይፈነዳል። ስለዚህ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከመስኮቶቹ ትይዩ አለመቆም፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጠብቆ ሲበርድ መክፈት ነው። መርከብ ላይ ይህን ያስተማሯቸው በጥብቅ ነው፤ እነርሱም ጋራዥ ውስጥ ለለማጅ ሁሉ በዚያው ጥብቅነት አስተምረዋል።

የአሮጌዎቹን ፉርጎዎች ብሮንዚን አፈሳስም እንውሰድ። የአክስሉ ጫፍ የሚዞረው በኩሽኔታ ሳይሆን ነጭ ብረት (ቶሎ የሚቀልጥ ለስላሳ ቅይጥ) በተቀባ ብሮንዚን ላይ ነው፤ ከሥሩ ባለው ሳጥን ውስጥ በዘይት የራሰ ሱፍ ይጠቀጠቃል። አሸዋ ሲገባበት ወይም ሱፉ ሲደርቅ ይግላል፣ ነጩ ብረት ይቀልጣል፣ አክስሉ ይላጣል፣ ሳይታይ ብዙ መንገድ ከሄደ ይሰበራል። ለዚህ ነው ባቡር በቆመ ቁጥር አንድ ሰው በሳጥኖቹ ላይ የእጁን ጀርባ እያሳረፈ፣ መንኮራኩሩን በመዶሻ እየመታ የሚያልፈው። ደህናው መንኮራኩር እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሞታል።

እንደገና ሲፈስ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አሮጌው ነጭ ብረት ቀልጦ ይወጣል። ነሐሱ ከቅባት እስኪጠራ ይታጠባል፤ በአሲድ ይነካል። ከዚያ በቀለጠ ቆርቆሮ በስሱ ይለበጣል፤ ያለዚህ ልባስ ነጩ ብረት አይጣበቅም። ቅርጹ ራሱ መሞቅ አለበት። ነጩ ብረት መድረሱ የሚታወቀው በቀጭን ደረቅ እንጨት ነው፦ ነከር አድርጎ ሲያወጡት እንጨቱ ቡናማ ከሆነ ደርሷል፤ እንዳለ ከወጣ ገና ነው፤ እሳት ከያዘ ከልክ አልፏል፤ ቢፈስም ተሰባሪ ይሆናል። አፈሳሱ በአንድ ጊዜ፣ ሳይቋረጥ ነው። ሲበርድ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ይደረጋል። ድምፁ ጥርት ካለ ይዟል፤ ከደነዘዘ ከሥሩ ክፍተት አለ፤ ያ ብሮንዚን ቶርኖ ላይ ሳይወጣ ተመልሶ ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ አክስሉ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይዞርበታል፤ ቀለም የነካው ቦታ በእጅ እየተፋቀ ይስተካከላል። አሁን ያረፉት አባት የዚህ ሥራ ባለሙያ ነበሩ። እንጨቱን ነክረው ሲያወጡ ቀለሙን ለማየት እንኳ አያጎነብሱም፤ ከሽታው ያውቁት ነበር። ይህን ከእርሳቸው ቀርጾ ያስቀረ ሰው የለም።

የሐዲዱም ዕውቀት እንዲሁ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ መታጠፊያው ጠባብ፣ ሙቀቱ ብርቱ ነው። 12 ሜትር የሚረዝም ሐዲድ በማለዳና በቀትር መካከል በ40 ዲግሪ ከጋለ አምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። በመገጣጠሚያው ላይ ያ ክፍተት ካልተተወለት ሐዲዱ ወደ ጎን ይጣመማል። ክፍተቱ ከበዛ ደግሞ መንኮራኩሩ ጫፉን እየቀጠቀጠ ይሰብረዋል። በየትኛው ኪሎ ሜትር የትኛው ድልድይ በጎርፍ እንደሚታጠብ፣ በየትኛው መታጠፊያ ፍጥነት ሰው እንደሚገድል የሚያውቁት የሠሩበት ሰዎች ናቸው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ባቡር በመታጠፊያ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፤ ምክንያቱ ፍጥነት ነበር። ያ ቦታ እንዴት መነዳት እንዳለበት ከሹፌሮቹና ከሐዲድ ሠራተኞቹ አንደበት ተመዝግቦ መቀመጥ ይገባዋል።

አዲሱ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ስፋቱም ሌላ ስለሆነ የአሮጌው ዕውቀት አያስፈልግም የሚሉን ኃላፊዎች አጋጥመውናል። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ጎርፉና ዳገቱ ግን አልተቀየሩም። ባሕር ኃይሉም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ዳግም እየተደራጀ ነው፤ ለአዲሶቹ ምልምሎች የቀይ ባሕር ሙቀት በሞተር ላይ ምን እንደሚሠራ ሊነግሯቸው የሚችሉ ሰዎች ዛሬ በየቤታቸው ተቀምጠዋል። ጎረቤት ኤርትራ ከነጻነት በኋላ ከምጽዋ አሥመራ ያለውን 118 ኪሎ ሜትር መስመር መልሳ ስትሠራ የጠራችው ጡረተኞቹን ነበር። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አንጥረኞችና ሹፌሮች መጥተው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጣሊያን የተሠሩ የእንፋሎት ሞተሮችን አስነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩ አሥመራ ገባ። እዚያ የተቻለው ጡረተኞቹ ሳይሞቱ ስለተጠየቁ ነው።

ሦስተኛው፣ ንብረቱን ይመለከታል። የድሬዳዋን ጋራዥ የሚጎበኝ ሰው የሞተሩን ፋብሪካና ዘመን ይነገረዋል፤ በላዩ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱትን ሰዎች ስም ግን የሚያነብበት ቦታ የለም። በፈረንሳይኛ የተጻፉ የሥራ ደብተሮች፣ ሥዕሎችና የደመወዝ መዝገቦች መሬት ላይ ተከምረው እርጥበትና ምስጥ ይበላቸዋል። ለጡረታ የምትፈልጉት ማስረጃ እነዚያው ውስጥ ነው ያለው። መለዋወጫም በ«ቁርጥራጭ ብረት» ስም ሲወጣ የትኛው ቅርጽ ለየትኛው ሞተር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አብሮ እንዲቆም አይደረግም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ለሟቹ አባታችን ቤተሰብ ጉዳዩ እንደገና ይታይ፤ የተሰጠው መልስ ይነሣ፤ የባለቤታቸውም የጡረታ ድርሻ ሁለቱም አገልግሎቶች ተደምረው ይታሰብ።

ማኅደር ለጠፋባቸው ሁሉ አማራጭ ማስረጃ በጽሑፍ ይፈቀድ፦ የደንብ ልብስ ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ ሜዳይ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤ፤ እነዚህ ሲጎድሉ በአንድ ክፍልና በአንድ ዘመን ያገለገሉ ሦስት ምስክሮች። ማጭበርበር እንዳይገባ ምስክሮቹ ለየብቻ ይጠየቁ፤ የመርከቡ ቁጥር፣ የአዛዡ ስም፣ የሥልጠናው ቦታ፣ የሞተር ክፍሉ መግቢያ በየት በኩል እንደነበር ይጠየቁ። ይህን ያልኖረበት ሰው አይመልሰውም። ምስክሮቹም ራሳቸው አርጅተዋልና ቃላቸው ጥያቄ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ከአሁኑ ተወስዶ ይቀመጥ። ለዚህ በድሬዳዋ አንድ ጠረጴዛና አንድ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ጸሐፊ ይበቃል። ስምና ዘመን ሲመሳከርም ሦስቱም አጻጻፎችና ሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች ይታዩ።

የጋራዡ ሰነዶች ከመሬት ይነሡ። መጀመሪያ ባሉበት ቁጥር ይሰጣቸው፤ ቁጥር ሳይሰጥ ከተዘዋወሩ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበር ይጠፋል። በጥቅል ፕላስቲክ አይታሸጉ፤ ይሻግታሉ። በእንጨት ላይ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ነፋሻ ክፍል ይቀመጡ፤ ፎቶ ማንሣቱ ቀስ ብሎ ሊደርስ ይችላል። እስከዚያ የማንኛውም ዕቃ ሽያጭ ይቁም።

በሕይወት ያሉት አባቶች ሙያቸው ይቀረጽ። ቤታቸው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሳይሆን ጋራዡ ውስጥ፣ ማሽኑ ፊት ለፊታቸው ሆኖ፤ እጃቸው ሲያስታውስ አፋቸውም ይከተላል። ጠያቂው ሙያውን የሚያውቅ ይሁን። ጠዋት ሳይሞቅ፣ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ይሁን። ብሮንዚን ያሉትን ብሮንዚን፣ ቶርኖ ያሉትን ቶርኖ ብሎ መጻፍ እንጂ ማረም አያስፈልግም። ቅጂው ቢያንስ በሦስት ቦታ ይቀመጥ።

የቀብር ክብርን በተመለከተ፦ ድሬዳዋ ላይ ክርስቲያኑ ብዙውን ጊዜ በማግሥቱ፣ ሙስሊሙ በዕለቱ ይቀበራል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚጀመር ማጣራት ለማንም አይደርስም። አገልግሎታቸው የተረጋገጠላቸው አባቶች በሕይወት ሳሉ መታወቂያ ይሰጣቸው፤ ቤተሰቡ ያን ካርድ ይዞ ሲመጣ ሰንደቅ ዓላማና አንድ ተወካይ ያለ ተጨማሪ ደብዳቤ ይላክ። ከዚህ የበለጠ ሥነ ሥርዓት አልጠየቅንም።

የአባቶችን ዝርዝርና በእጃችን ያሉትን ፎቶግራፎች ቅጂ በተጠየቅን ቀን እናስረክባለን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር

በምጽዋና በአሰብ ያገለገሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል ቴክኒሻኖች፣
የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጋራዥና የሐዲድ ጥገና ጡረተኞች፣
የሟች ባልደረቦቻችን ባለቤቶችና ልጆች

ድሬዳዋ